የክረምት የእንግሊዝኛ ንባብ፦ ለወሎ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የትኛው ዓይነት መጽሐፍ ይስማማል?

የዓመቱ ትምህርት ሰኔ ላይ ሲዘጋ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ወልድያ፣ ከባቲ እስከ ላሊበላ፣ ወላጆች ለእንግሊዝኛ መምህራን የሚያቀርቡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ልጁ በክረምቱ ምን ያንብብ፣ ምንስ ይገዛለት? መልሱ ግን እንደ መላሹ ነው። አንዱ መምህር «ፊክሽን ያንብብ» ብሎ ያልፋል፤ ሌላው የፈተና መለማመጃ ያዝዛል፤ አዲስ አበባ የሚማር ዘመድ በቴሌግራም ሰማንያ፣ መቶ ፒዲኤፍ በአንድ ሌሊት ይልካል፤ መንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ የሚሸጠው ደግሞ እጁ ላይ ያለውን ያወድሳል። በዚህ መካከል ወላጁ ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ሽፋኑ ያማረውን ወይም ስሙ የታወቀውን ነው፤ መጽሐፉም ሐምሌ ሳይጋመስ ሃያኛው ገጽ ላይ ታጥፎ ይቀራል።

ይህ መመሪያ የትኛው አሳታሚ ይበልጣል የሚለውን ትቶ አምስት የንባብ ዓይነቶችን ያወዳድራል። እነርሱም በደረጃ የተቃለሉ መጻሕፍት፣ ያልተቃለሉ ሙሉ ልብወለዶች፣ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች አፍሪካውያን በእንግሊዝኛ የጻፏቸው ሥራዎች፣ ጋዜጦችና የዕውቀት ጽሑፎች፣ እንዲሁም የፈተና መለማመጃዎች ናቸው። በስልክ ማንበብ ከእነዚህ ለየትኛውም ሊያገለግል የሚችል መንገድ ስለሆነ ለብቻው ይታያል። መመሪያው የተዘጋጀው ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ነው፤ ስምንተኛን ጨርሰው ዘጠነኛ የሚገቡትንም ይጨምራል፤ እንዲያውም በክረምቱ ንባብ ከሁሉም በላይ የሚጠቀሙት እነርሱ ናቸው።

## አስቀድሞ መመዘኛው

### የልጁ ደረጃ እንጂ የክፍሉ ቁጥር አይደለም

በወሎ ባለፉት ዓመታት የተማረን ልጅ በክፍሉ ቁጥር ብቻ መመዘን ያሳስታል። በ2014 በነበረው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች መጻሕፍታቸውንና ወንበሮቻቸውን አጥተዋል፤ ከዚያ በኋላም በጸጥታ ችግር ትምህርት ለረጅም ጊዜ የተቋረጠባቸው ወረዳዎች አሉ። ስለዚህ ሁለቱም አሥረኛ ክፍል የሆኑ ተማሪዎች፣ አንዱ ያለማቋረጥ የተማረ፣ ሌላው ዓመት ያህል ከቤት የዋለ ሊሆኑ ይችላሉ። ለሁለቱ አንድ መጽሐፍ መግዛት አንዱን ማሰልቸት፣ ሌላውን ማስደንገጥ ነው።

በውጭ ቋንቋ ንባብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሁለት ቁጥሮችን ደጋግመው ያነሳሉ። አንባቢው ያለ መምህርና ያለ መዝገበ ቃላት ሐሳቡን እየተከተለ እንዲያነብ ከገጹ ቃላት 98 በመቶ ያህሉን ማወቅ ይኖርበታል፤ በድጋፍ ለሚያነብ ደግሞ ዝቅተኛው ወሰን 95 በመቶ ነው። የሦስት በመቶ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ ገጹ ላይ ስትታይ ግን ትልቅ ናት። 250 ቃላት በያዘ ገጽ ላይ የመጀመሪያው አንባቢ አምስት እንግዳ ቃላት ሲያጋጥሙት ሁለተኛው ከአሥራ ሁለት በላይ ያጋጥሙታል፤ ሁሉንም በመዝገበ ቃላት የሚፈልግ ከሆነ የአንድ ገጽ ንባብ የአንድ ምሽት ሥራ ይሆንበታል።

ይህን ቤት ውስጥ ለመለካት እጅና መጽሐፍ ብቻ ይበቃሉ። መጽሐፉ ከመካከሉ ይገለጥ፤ የመጀመሪያው ገጽ በስምና በቦታ ገለጻ ስለሚሞላ አያስተማምንም። ተማሪው አሥር መስመር ያህል፣ ማለትም ወደ መቶ ቃል የሚጠጋ፣ ድምፁን ሳያሰማ ያንብብ፤ ትርጉሙን የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር አንድ ጣት ያጥፍ። እስከ ሁለት ጣት ካጠፈ መጽሐፉን ብቻውን ይወጣዋል። ከሦስት እስከ አምስት ከሆነ የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ ካለ ይሞክረው። የአንድ እጅ ጣቶች አልቀው ወደ ሁለተኛው ከተሻገረ መጽሐፉ ለሚቀጥለው ክረምት ይቆይ። ቀጥሎም መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን አንቀጽ በሚቀናው ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን እንደ ከሚሴ ባለ አካባቢ በኦሮምኛ፣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገር። ጣት ሳያጥፍ አንብቦ ታሪኩን መናገር የሚያቅተው ልጅ አለ፤ ቃላቱን በተናጠል ያውቃቸዋል፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን አልተያያዘለትም፤ ለእርሱም ደረጃው ዝቅ ይበል።

አባቱ ፊት ጣቱን ማጠፍ የሚያፍር ልጅ ብዙ ነው። ታላቅ እህቱ ወይም ወንድሙ ቢፈትነው እውነተኛው ቁጥር ይገኛል።

### ክረምቱ ስንት የንባብ ቀን አለው?

ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ያለው ጊዜ 65 ቀን ነው፤ በየአራት ዓመቱ 66 ይሆናል። ሁሉም ግን የንባብ ቀን አይደለም። የገጠሩ ተማሪ አረም ላይ ወይም ከብት ጥበቃ ላይ ይውላል፤ የከተማው ደግሞ ሱቅ ይጠብቃል ወይም የክረምት ትምህርት ይገባል፤ መድረሳ የሚገባም አለ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ነው፤ ቡሄ ይከተላል፤ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚጨፈርበት ሳምንት ከነሐሴ 16 ይጀምራል፤ በዚያ ሳምንት ከልጃገረዶች ንባብ መጠበቅ የዋህነት ነው። እነዚህን ሁሉ ቀንሶ በቀን ግማሽ ሰዓት የሚነበብባቸው አርባ ቀናት ቢገኙ ጥሩ ክረምት ነው።

አሁን ይህን ጊዜ ከመጽሐፉ ርዝመት ጋር ማስተያየት ይቻላል። ለደረጃው የሚስማማ መጽሐፍ የያዘ ተማሪ በደቂቃ መቶ ቃል ያህል ቢያነብ፣ 7,000 ቃላት ያሉት ቀጭን የተቃለለ መጽሐፍ በሦስት ምሽት ያልቅለታል። 50,000 ቃላት ያሉት ሙሉ ልብወለድ ግን ስለሚከብደው ፍጥነቱ ወደ ስልሳ ቃል ቢወርድ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት 28 ቀን ይፈጅበታል። ልጁ የሚቀጥለውን መጽሐፍ የሚከፍተው የቀደመውን ስለጨረሰ ነውና፣ የመጨረስ ዕድል እንደ አንድ መመዘኛ መቆጠር አለበት።

### መገኘቱ፣ ዋጋውና ጉዳዩ

ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ አዲስ መጽሐፍ ለብዙ ቤተሰብ የማይደፈር ሆኗል። ስለዚህ ንጽጽሩ በአብዛኛው በአሮጌ መጽሐፍ፣ በፎቶ ኮፒ፣ በውሰትና በስልክ መካከል ነው። ብር ቁጥር እዚህ ማስቀመጥ ስለማይጠቅም ዋጋው «ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ» ተብሎ ተቀምጧል። ጉዳዩን በተመለከተ ደግሞ የልጁ ፍላጎት ይቅደም፤ እግር ኳስ ለሚወድ የእግር ኳስ ተጫዋች የሕይወት ታሪክ ይሰጠው፤ «ቁም ነገር የለውም» ብሎ መከልከል አያስፈልግም።

## አምስቱ ምርጫዎች

### በደረጃ የተቃለሉ መጻሕፍት

እነዚህ የታወቁ ታሪኮችን በተወሰነ የመሠረታዊ ቃላት ብዛት እንደገና የሚጽፉ፣ ወይም ከመጀመሪያው ለቋንቋ ተማሪ የተጻፉ ቀጫጭን መጻሕፍት ናቸው። ከላይ ከተጠቀሱት መመዘኛዎች አብዛኞቹን የሚያሟሉት እነርሱ ናቸው፦ ያልቃሉ፣ ደረጃቸው ይታወቃል፣ አንዱን የጨረሰ ልጅ ወደ ቀጣዩ ይወጣል።

ገዢው የሚታለለው በደረጃ ቁጥሩ ነው። «ደረጃ 3» የሚለው ጽሑፍ በሁሉም አሳታሚ አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። ኦክስፎርድ በቡክዎርምስ ተከታታዩ በሦስተኛው ደረጃ 1,000 መሠረታዊ ቃላትን ሲጠቀም፣ በየቦታው የሚገኙት የቀድሞዎቹ የፔንግዊን መጻሕፍት በሦስተኛው ደረጃ 1,200 ይጠቀማሉ፤ ስድስተኛው ደረጃ ደግሞ በአንደኛው 2,500፣ በሌላው 3,000 ነው። ስለዚህ የኋላ ሽፋኑ ወይም የውስጥ ገጹ ላይ የተጻፈው የቃላት ብዛት ይታይ። እንደ መነሻ፣ ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ለሚያልፍ ተማሪ ከ400 እስከ 700፣ ለዘጠነኛና አሥረኛ ከ700 እስከ 1,000፣ ለአሥራ አንደኛ ከ1,400 እስከ 1,800፣ ለአሥራ ሁለተኛ 2,500 ይሞከር፤ ከዚያ በጣት ማጠፍ ፈተናው ይስተካከል። ፈተናው ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር ከተጋጨ ፈተናው ይታመን።

ድክመታቸው አይካድም። በዝቅተኛው ደረጃ ያሉት አንዳንዶቹ ታሪኩን አጥንት ብቻ አስቀርተውታል፤ ሰዎቹ ሲነጋገሩ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው። ሌላው ችግር ክብር ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰ ወጣት ሥዕል ያለበት ሃምሳ ገጽ መጽሐፍ ሲሰጠው እንደ ሕፃን የተቆጠረ ይመስለዋል። ለእርሱ በዚያው የቃላት ብዛት ውስጥ የወንጀል ምርመራ፣ የጉዞ ወይም የሕይወት ታሪክ የሆነው ይመረጥለት። ፎቶ ኮፒ የሚገዛ ደግሞ ገጾቹን አንድ በአንድ ይቁጠር፤ ፍጻሜው የጎደለ የወንጀል ታሪክ ልጅን ከንባብ የማባረር ኃይል አለው።

### ያልተቃለሉ ሙሉ ልብወለዶች

ወላጆች «ትልቅ መጽሐፍ» ሲሉ የሚያስቡት ይህንን ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ጸሐፊው የጻፈውን ቋንቋ ሳይሸራረፍ ያቀርባል፣ ረጅም ዓረፍተ ነገር መከተልን ያስተምራል፣ ጨርሶት ለተነሣ ተማሪም ኩራቱ ቀላል አይደለም። ይሁንና በቃላት ጥናት ላይ የተሠሩ ስሌቶች እንደሚያሳዩት ያልተቃለለ ልብወለድን 98 በመቶ እየተረዱ ለማንበብ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሺህ የሚደርሱ የቃላት ቤተሰቦችን (አንድ ቃል ከእርሱ ከሚወጡት ቃላት ጋር እንደ አንድ ተቆጥሮ) ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከተቃለሉት ከፍተኛው ደረጃ የሚጠይቀው ከ2,500 እስከ 3,000 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ክረምት አይዘለልም።

ዝግጁ ለሆነው ተማሪ ግን አጭሩ ይቅደም። በ1945 እ.ኤ.አ. የታተመው አኒማል ፋርም 30,000 ቃላት ገደማ ሲሆን፣ በ1952 እ.ኤ.አ. የወጣው ዚ ኦልድ ማን ኤንድ ዘ ሲ ከዚያም ያንሳል፤ ሁለቱም በግልጽ ዓረፍተ ነገሮች የተጻፉ ናቸው፤ የባሕሩ መጽሐፍ ግን የዓሣ ማጥመጃና የጀልባ ዕቃ ስሞች ስለሚበዙበት የመጀመሪያዎቹ ገጾች ለደጋ ልጅ ይከብዳሉ።

በነፃ ስለሚገኙት ሙሉ ልብወለዶች አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከ70,000 በላይ መጻሕፍትን በሕጋዊ መንገድ ያለ ክፍያ ያቀርባል። እነዚህ መጻሕፍት በነፃ ሊቀርቡ የቻሉት በአብዛኛው የባለቤትነት መብታቸው ጊዜው ስላለፈ ነው፤ ይህም ማለት ቋንቋቸው የመቶ ዓመትና ከዚያ በላይ ዕድሜ አለው። ስለዚህ ለድሃው ተማሪ ያለ ክፍያ የሚደርሰው ልብወለድ፣ ዓረፍተ ነገሩ እጅግ የረዘመውና ቃሉ ያረጀው ነው። ልጁ ሦስት ገጽ አንብቦ «እንግሊዝኛ አይገባኝም» ብሎ ቢደመድም ጥፋቱ የመራጩ ነው። ተመሳሳይ ርዕስ በተቃለለም በሙሉም እትም ስለሚገኝ፣ መንገድ ዳር የሚገዛ ሰው ርዕሱን አይቶ ሳይሆን ውስጡን ገልጦ ይወስን።

### ኢትዮጵያውያንና ሌሎች አፍሪካውያን በእንግሊዝኛ የጻፏቸው

ይህ ምርጫ በወሎ ከሚገባው በታች ይታሰባል። የንባብ ክብደት ከቃል ብቻ አይመጣም፤ ስለማያውቁት ዓለም ማንበብም ይከብዳል። የበረዶ ጋሪና የእንግሊዝ መኳንንት የሻይ ሰዓት የማያውቅ ልጅ ቃላቱን ሁሉ ቢያውቅም ሥዕሉ አይመጣለትም። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚፈርዱበትን፣ መኸር የሚጠበቅበትን፣ ሙሽራ የሚሸኝበትን ታሪክ ሲያነብ ግን ያልገባውን ቃል ከሁኔታው ይገምተዋል።

የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ዘ አፈርሳታ በ1969 እ.ኤ.አ. የታተመ አጭር ልብወለድ ሲሆን፣ ወንጀለኛ እስኪገኝ ድረስ የአገሩ ሰው የሚሰበሰብበትን ሥርዓት ይተርካል። ስለዚህ ሥርዓት፣ ስለ አውጫጭኝ፣ ከአያቱ የሰማ የወሎ ልጅ ያለ መምህር ሊከተለው የሚችለው ታሪክ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዋሪየር ኪንግ ደግሞ የዐፄ ቴዎድሮስን ወደ ሥልጣን አወጣጥ ይዞ የተጻፈ ነው። የንጉሡ ፍጻሜ የሆነው በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ላይ ስለሆነ፣ የተንታና የአካባቢው ተማሪዎች የታሪኩን መጨረሻ ከአገራቸው ተራራ ያውቁታል፤ በእንግሊዝኛ መነሻውን ማንበብ ለእነርሱ እንግዳ ነገር አይሆንም። በተቃራኒው የዳኛቸው ወርቁ ዘ ሰርቲንዝ ሰን ትልቅ ሥራ ቢሆንም አጻጻፉም መንፈሱም ከባድ ስለሆነ፣ የኢትዮጵያዊ መጽሐፍ ነው ተብሎ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊሰጥ አይገባም።

ከአህጉሩ ሥራዎች መካከል በ1958 እ.ኤ.አ. የታተመው የቺኑዋ አቼቤ ቲንግስ ፎል አፓርት ለአሥራ አንደኛና ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተስማሚ ነው። ርዝመቱ 50,000 ቃላት ገደማ ቢሆንም በ25 አጫጭር ምዕራፎች ስለተከፈለ በቀን አንድ ምዕራፍ ለማንበብ ይመቻል፤ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ተረትና ምሳሌውም የኛን ሰው አነጋገር ይመስላል። መጀመሪያ ላይ የሚከብደው የሰዎቹ ስም ነው፤ ተማሪው በወረቀት ላይ ማን የማን ልጅ እንደሆነ እየጻፈ ቢሄድ ከአምስተኛው ምዕራፍ በኋላ ችግሩ ይቃለላል።

የዚህ ምርጫ ዋና ድክመት መገኘቱ ነው። የኢትዮጵያውያኑ መጻሕፍት ከታተሙ ግማሽ ምዕተ ዓመት ስላለፋቸው በአዲስ ሱቅ ከመፈለግ ይልቅ በቤተ መጻሕፍትና በአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዘንድ መጠየቅ ይሻላል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ እዚያ ያሉትን የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች እንዲያይ ቢላክ አይከስርም።

### ጋዜጣና የዕውቀት ጽሑፍ

ልብወለድ የማይወድ ልጅ አለ፤ በግድ አይወደድም። ለእርሱ አጭር፣ በአንድ ተቀምጦ የሚያልቅ የዕውቀት ጽሑፍ ይሻላል። ከ1943 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው ዚ ኢትዮጵያን ሄራልድ የአገር ውስጥ ጉዳይ ስለሚዘግብ ይዘቱ አያስቸግርም፤ የባለሥልጣን መግለጫ የበዛባቸው ገጾቹ ግን አሰልቺ ናቸውና ስለ ባህል፣ ጤናና ግብርና የሚጽፉት ዓምዶች ይመረጡ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ርካሽ የሆነው ግን ብዙዎች እንደ ንባብ የማይቆጥሩት የሚቀጥለው ክፍል መማሪያ መጽሐፍ ነው። በአማርኛ ሲማር የቆየ ልጅ ዘጠነኛ ሲገባ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም፣ ጂኦግራፊውም በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። በመስከረም የሚደነግጠው በዚህ ነው። በክረምቱ የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊን ወይም ታሪክን ሁለት ምዕራፍ ብቻ፣ ጥያቄ ሳይሠራ እንደ ወሬ ያነበበ ተማሪ፣ መምህሩ ሲያስተምር ቃሉን ሁለተኛ ጊዜ ይሰማዋል። ከፍ ካለ ክፍል ያለ ጎረቤት መጽሐፉን ያውሳል፤ ቅጂውም በፒዲኤፍ ይዘዋወራል። ፊዚክስና ሒሳብ ለዚህ አይሆኑም፤ ከንባቡ ይልቅ ስሌቱ ይይዛልና።

### የፈተና መለማመጃ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተፈጥሮም በማኅበራዊ ሳይንስም እንግሊዝኛን ይይዛል፤ ምንባብ አንብቦ ከምርጫ መልስ መለየትም አንዱ ክፍል ነው። መለማመጃው የጥያቄውን ጠባይ ያስለምዳል፣ ጊዜ መቆጠብ ያስተምራል። ይሁንና ምንባቦቹ አጫጭርና የተቆራረጡ ስለሆኑ የንባብን ጽናት አይገነቡም፤ ከመልስ ቁልፎቹ መካከልም የተሳሳቱ ይገኛሉ። ለተፈታኝ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል፤ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ መግዛት ብር ማባከን ነው።

## በስልክ ስለማንበብ

ስልክ ለብዙ ቤት ብቸኛው ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ስለዚህ «ስልክ ይጎዳል» ብሎ መዝጋት አያዋጣም። ሦስት ነገሮች ግን አስቀድመው ይስተካከሉ። በመጀመሪያ ፒዲኤፍ በትንሽ ስክሪን ላይ ወደ ግራና ቀኝ እየጎተቱ የሚነበብ ስለሆነ ዓይንን ያደክማል፤ ኢፐብ የተባለው ፋይል ግን ጽሑፉን ከስክሪኑ ስፋት ጋር ያስማማል፣ ፊደሉንም ያሳድጋል። ሁለተኛ፣ በኢንተርኔት መተማመን አይገባም። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልሉ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አልረሳውም፤ የሚነበበው ሁሉ ሰኔ ላይ ወርዶ ስልኩ ውስጥ ይቀመጥ። ኪዊክስ የተባለው ነፃ መተግበሪያ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ዊኪፒዲያ አንድ ጊዜ ካወረዱት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ሦስተኛ፣ በቴሌግራም ከሚዘዋወሩት መካከል ብዙዎቹ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተገለበጡ ናቸው፤ በሕግ ነፃ የሆነ ጽሑፍ ሞልቶ ሳለ የደራሲን እንጀራ መንካት አያስፈልግም።

የወረቀቱ ብልጫ ሌላ ነው፤ መብራት ሲጠፋም በቀን ብርሃን ይነበባል፣ መልእክት አይገባበትም። የደሴ ክረምት ግን እርጥበቱና ጉሙ ወረቀት ያሻግታልና፣ መጽሐፉ ከግድግዳ ርቆ ይቀመጥ፤ ከብት ጥበቃ ይዞት የሚወጣ ተማሪም በፌስታል ይጠቅልለው።

## ንጽጽሩ በሰንጠረዥ

| ምርጫ | ይበልጥ የሚስማማው | የቃሉ ክብደት | የመጨረስ ዕድል | ወጪ | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| የተቃለሉ መጻሕፍት | ከ8ኛ ወደ 9ኛ የሚያልፍ፣ 9ኛ፣ 10ኛ፣ ትምህርት የተቋረጠበት | እንደ ደረጃው | ከፍተኛ | አሮጌው ዝቅተኛ፣ አዲሱ ከፍተኛ | አንዳንዱ ጣዕም ያጣል |
| ያልተቃለሉ ልብወለዶች | በርትቶ የሚያነብ 11ኛ፣ 12ኛ | ከባድ | ዝቅተኛ፣ አጭር ከሆነ መካከለኛ | ከነፃ እስከ ከፍተኛ | ነፃው ቋንቋው ያረጀ ነው |
| የኢትዮጵያውያንና የአፍሪካውያን ሥራዎች | ከ10ኛ እስከ 12ኛ | መካከለኛ፣ አንዳንዱ ከባድ | መካከለኛ | መካከለኛ | በቀላሉ አይገኝም |
| ጋዜጣና የዕውቀት ጽሑፍ | ልብወለድ የማይወድ፣ 9ኛ የሚገባ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ ወይም ነፃ | ጋዜጣው ያሰለቻል |
| የፈተና መለማመጃ | የ12ኛ ተፈታኝ ብቻ | መካከለኛ | ከፍተኛ | ዝቅተኛ | ንባብን አያጸናም |

## ለማን የትኛው?

ዘጠነኛ ለሚገባ ተማሪ ሦስት ወይም አራት ቀጫጭን የተቃለሉ መጻሕፍትና የዘጠነኛ ክፍል ጂኦግራፊ ሁለት ምዕራፍ ይበቃሉ። ከዚህ በላይ መጫን አያስፈልግም።

ትምህርቱ ለተቋረጠበት ተማሪ፣ ክፍሉ ምንም ይሁን ምን፣ በ400 ቃላት ደረጃ ይጀመርለት፤ በየሁለት ሳምንቱ ጣት የማጠፍ ፈተናው ይደገም። ዕድሜው ከፍ ያለ ስለሆነ ታሪኩ የአዋቂ ይሁን። እዚህ ላይ የወላጅ ትዕግሥት ይፈተናል፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ቀላል መጽሐፍ ይዞ ሲታይ «ወደ ኋላ ተመለስክ» የሚለው ጎረቤት አይጠፋም።

ለአሥራ ሁለተኛ ተፈታኝ አንድ የአፍሪካ ልብወለድ እስከ ነሐሴ አጋማሽ፣ ከዚያ ወዲህ የዕውቀት ጽሑፍ፣ በሳምንት አንድ ቀን መለማመጃ የሚለው ድልድል ያስኬዳል። ብዙ አንብቦ ያለቀበት ተማሪ ደግሞ ከእነዚህ ማንኛውንም ሳይጠይቅ ወደ ሙሉ ልብወለድ ይሂድ፤ ጀምሮ ካልተመቸው እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ ታግሦ ቢተወው አይወቀስ።

ገንዘብ ለሌለው ቤተሰብ የመማሪያ መጽሐፍ ውሰትና በሰኔ ስልክ ላይ የተጫነ ዊኪፒዲያ ያለ ወጪ ክረምቱን ይሞላሉ። ትንሽ ያለው አንድ አሮጌ የተቃለለ መጽሐፍ ይግዛ፤ አንዱን አምስት ማድረግም ይቻላል። አምስት ጓደኛሞች በተመሳሳይ ደረጃ የተለያየ መጽሐፍ እያንዳንዳቸው ገዝተው እንደ ዕቁብ በየሳምንቱ ቢያዘዋውሩት፣ ሁሉም በአምስት ሳምንት አምስት መጽሐፍ አንብበው ይወጣሉ። አንዱ የእጣውን ዝርዝር ይያዝ፣ መጽሐፍ የጠፋበት ሌላ ይተካ፣ የተገነጠለውን ገጽ ያነበበው ሰው ሰፍቶ ያስረክብ። ቤታቸው የተራራቀ የገጠር ተማሪዎች ለመለዋወጫው የገበያ ቀናቸውን ቢያደርጉት ይቀላቸዋል፤ የባቲ ዙሪያ ልጆች ሰኞ ለገበያ ሲወጡ፣ ሌሎችም በየራሳቸው ገበያ ቀን፣ ከእናታቸው ዘንቢል ጋር መጽሐፉን ይዘው ይወርዳሉ።